«ጾመኛ ነኝ ቲቸር»

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የማስተምረው 9ኛ ክፍል ነው። በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ያለ ሰው ብዙ ያያል። አንዱ ምሳ ዕቃውን በክዳኑ ከልሎ ይበላል። ሌላው ደወል እንደተደወለ ቀጥ ብሎ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ እኛም «አንባቢ ልጅ ነው» እንላለን። አንዷ ቧንቧው ጋ ሄዳ ውኃ ትጠጣና ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ስትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፦ «ጾመኛ ነኝ ቲቸር።»

ረቡዕና ዓርብ ቢሆን እሺ። ሙስሊም ልጆቻችን ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ አሉ፣ እሱም እሺ። የወቅት ጾም በሌለበት ወር፣ ማክሰኞ ቀን የሚጾመው ግን ምኑን ነው?

እኔ ይሄን ውሸት ብዬ ልጠራው አልችልም። ልጁ ክብሩን እየጠበቀ ነው። ሕፃን ሲርበው ያለቅሳል፣ ትልቅ ሰው ይበደራል። የ15 ዓመት ልጅ ግን በጓደኞቹ ፊት «ቤታችን የሚበላ የለም» ከማለት ምንም ቢሆን ይመርጣል።

አዲስ አበባ ላይ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናትና ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ስንት እናት እፎይ ብላለች። ችግሩ ማዕዱ 8ኛ ክፍል ላይ መነሣቱ ነው። ልጁ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲበላ ቆይቶ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሰሃኑ የለም። የእናቱ ገቢ ግን በክረምቱ አልጨመረም። እንዲያውም ያን ጊዜ ደብተሩም ዩኒፎርሙም የሚበዛበት ነው። አንዲት እንጀራ እየጋገረች የምታሳድግ እናት ስለ ልጇ መቅረት ላናግራት ብጠራት «መምህር፣ 8ኛ ክፍልን ቢደግምልኝ ደስ ባለኝ ነበር» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ሰውነት ደግሞ ልክ በዚህ ዕድሜ ነው ምግብ አምጡ የሚለው። ቁመት የሚመዘዘው፣ አጥንት የሚጠነክረው አሁን ነው። ሴቶቹ ልጆች በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ብረት የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። እነሱ ግን ጠዋት በዳቦና በሻይ ነው የሚወጡት፣ ያውም ከተገኘ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሰዋል። ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ድፍት የምትለውን ልጅ «ማታ ስልክ ስትነካኪ አምሽተሽ ነው» ከማለታችን በፊት ቁርስ በልታ እንደሆነ ማሰብ ደግ ነው።

ሴቶቹን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በ1998 ዓ.ም. ጅማና አካባቢዋ ላይ ከ2,000 በላይ ጎረምሶችና ኮረዶች የተጠየቁበት ጥናት ነበር። ከባድ የምግብ እጥረት ባለበት ቤት የመኖር ዕድላቸው ወንዱም ሴቷም እኩል ነበር። «እኔ ራሴ የምበላው አጥቼ አውቃለሁ» ያሉት ግን በብዛት ሴቶቹ ናቸው። አንድ ቤት፣ አንድ ድስት፣ ግን እኩል ያልሆነ ረሃብ። ምክንያቱን እኛ ቤት ያደግን እናውቀዋለን። «ወንድምሽ ይብላና...» የሚለውን ያልሰማች እህት ያለችው ትናገር።

ሌላው ጉዳይ ምን እንደሚበሉ ነው። እጁ ላይ ጥቂት ብር ያለው ልጅ አጥር ሥር ከምትሸጠው እናት ሽምብራ ቆሎ ቢገዛ ሆዱን ይይዝለታል። እሱ ግን በትንሽ ላስቲክ የታሸገ ቺፕስ ወይም ብስኩት ይገዛል። አትፍረዱበት። ቆሎ መቆርጠም «የፋራ» ነው፣ ቺፕስ ይዞ መቆም ግን ከጓደኛ እኩል ያደርጋል። ብሩን የሚከፍለው ለሆዱ ብቻ አይደለም፣ ላለመታየትም ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ተንጫጫ። ሰነፍ ትውልድ ተባለ፣ ቲክቶክ ተባለ፣ መምህሩ ተባለ። የውጤቱ ምክንያት ረሃብ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ «ልጆቹ በልተዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ!

አሁን ደስ ወደሚለው ልውሰዳችሁ። አንዱ ሴክሽን ላይ የክፍሉ አለቃ የሆነች ልጅ አንድ ትልቅ ትሪ ከቤቷ አመጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ስድስት ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ትሪው ላይ ይገለብጣሉ። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ፓስታውም፣ ደረቅ እንጀራውም ይደባለቃል። ማን ምን እንዳመጣ፣ ማን እንዳላመጣ አይታወቅም። ማንም አላዘዛቸውም። አሁን ሌሎች ክፍሎችም ትሪ ይዘዋል። ከማስተምራቸው ይልቅ ያስተማሩኝ ይበልጣል ብል ማጋነን አይደለም።

ትሪው ግን ሁሉን አይፈታም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ እጁን የመጣ ልጅ በሦስተኛው ራሱ ይሸሻል፤ ይሉኝታ እኮ ከረሃብ ይብሳል። የተጎዳ ቤት ያለው ልጅ ሲበዛ ደግሞ ትሪውም ይሳሳል። ለዚህ ነው ምገባው 9ኛ ክፍል ላይ መቆም የለበትም የምለው። ሁለቱንም ማዕድ ባይቻል፣ ቁርስ ብቻ እንኳን።

እስከዚያው ግን፦

ወላጆች፣ ከቻላችሁ ለልጃችሁ አንድ እንጀራ ጨምራችሁ ቋጥሩለት። ለማን እንደሆነ አትጠይቁት። ለሴት ልጃችሁም እንደ ወንድሟ አቅርቡላት።

መምህራን፣ የተራበ ልጅ በክፍል ፊት አይጠየቅ፣ ስሙም በዝርዝር አይለጠፍ። ፎቶ ተነሥቶ የተሰጠ ዳቦ ጉሮሮ አይወርድም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን ሥራ የያዛችሁ፣ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ክበብ ሄዳችሁ ለጥቂት ልጆች የወር ቁርስ ቅድሚያ ከፍላችሁ ውጡ። ለማን እንደሚሰጥ የክፍል ኃላፊው ያውቃል። አንዳንዶቻችሁ ይሄን እያደረጋችሁ ነው፤ ስሜ አይነሣ ስላላችሁኝ አላነሣም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናንተ አካባቢ ያለው ነገር እንዴት ነው? እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።