አንድ ብቻ ይምረጡ

እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ ላይ ለሥራ ቦስተን ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ነፃ ስሆን ወደብ ዳር ያለው አይሲኤ የሚባል የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባሁ። እውነቱን ለመናገር የገባሁት ሙቀቱን ሸሽቼ ነው። ውስጥ የፊሬሌይ ባኤዝ ሥዕሎች ተሰቅለዋል።

ባኤዝ በ1981 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው የተወለደችው። እናቷ ዶሚኒካናዊት ናት፤ የአባቷ ዘር ደግሞ ከሄይቲ ይመዘዛል። የቅኝ ግዛት ዘመን ካርታዎችን አስፍታ ሸራ ላይ ታትምና በላያቸው ትስላለች። ከተጠቀመችባቸው አንዱ ሄንሪ ፖፕል በ1733 ያሳተመው፣ በአሜሪካ የነበረውን የብሪታኒያ ግዛት የሚያሳየው ካርታ ነው። ቀለሙ አንዴ ማዕበል፣ አንዴ ፀጉር፣ አንዴ ቅጠል ይመስላል። ካርታውን ግን ጨርሶ አይሸፍነውም። ጠጋ ስትሉ መስመሩና የቦታው ስም ከሥር ይታያል።

ደጋግማ የምትስላት ሲጓፓ የምትባል የዶሚኒካን ተረት ፍጡር አለች። እግሮቿ ወደ ኋላ የዞሩ ስለሆኑ ዱካዋን የተከተለ ሰው እሷ ከሄደችበት በተቃራኒ ይሄዳል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው።» ቀጥሎ ግን ስለዚያ ድንበር ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ሂስፓንዮላ አንድ ደሴት ናት፤ ለሁለት የተካፈሏት ስፔንና ፈረንሳይ ናቸው። በ1937 የአምባገነኑ ትሩሂዮ ወታደሮች ድንበሩ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያንን ገደሉ። እንደሚነገረው፣ ሰው የሚለየው «ፔሬሂል» በል ተብሎ ነበር፤ ምግብ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ስም ነው። ምላሱ «ሬ»ን እንደነሱ ካላወጣ አለቀለት። ያኔ ስፔንም ፈረንሳይም ከደሴቷ ከወጡ ቆይተዋል። መስመሩን የሚጠብቁት የአገሩ ልጆች ነበሩ።

እዚያው ቆሜ፣ አዲስ አበባ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሠራሁት የሠራተኞች መመዝገቢያ ፎርም ፊቴ ላይ መጣ። «ብሔር» የሚል ቦታ ነበረው፤ ሳይሞላ የማይታለፍ፣ ከድሮፕዳውኑ አንድ ብቻ የሚመረጥበት። ስሞክረው የራሴን መረጃ ነው ያስገባሁት። አባቴ ኦሮሞ ነው፣ እናቴ ጉራጌ። የአባቴን መርጬ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ሠራ። «ችግር የለበትም» ብዬ አስረከብኩ።

ሁለት መምረጥ እንዲቻል ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እንዳላደርገው የከለከለኝ የለም። እንዳደርገው የጠየቀኝም የለም፤ እኔም አላነሳሁትም።

ወደ ሆቴል የመለሰኝ ባለታክሲ ሄይቲያዊ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሥዕሎቹ ነገርኩት።

«አባቷ የኛ ነው?»

«አዎ። እናቷ ግን ዶሚኒካን ናት።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ታዲያ እሷ ምን ነኝ ትላለች?» አለኝ።

የኔ ፎርም ጥያቄ ነበር። ሄደህ እያት አልኩት። መግቢያው ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ሳቀ።

የዚያኑ ማታ ለመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ጻፍኩ፤ በነፃ ላስተካክለው አልኩ። «ሲስተሙ በደንብ እየሠራ ነው፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣልኝ። እስከማውቀው ድረስ ዛሬም እየሠራ ነው። እናቴ እዚያ ውስጥ የለችም።