ያልታጠበ እጅ

እኛ ያደግንበት ቤት ማስታጠቢያው ሳይዞር መሶብ አይከፈትም። የዜሮ ስኳር መጠጦችን የዘር ሐረግ ስቆጥር የደረስኩባቸው አባቶች ግን በዚህ ሥርዓት ያደጉ አይመስሉም።

እ.ኤ.አ. በ1879 ባልቲሞር ውስጥ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የከሰል ሬንጅ ሲመረምር የዋለው ኮንስታንቲን ፋልበርግ እጁን ሳይታጠብ ራት ቀረበ። ዳቦው ጣፈጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ጋጋሪዋን ያመሰግን ነበር፤ እሱ ተመልሶ ሄዶ የቤተ ሙከራውን ዕቃ አንድ በአንድ ይቀምስ ጀመር። ሳካሪን ተገኘ። ፋልበርግ ፓተንቱን ለብቻው ስላወጣ አብሮት የሠራው ፕሮፌሰር አይራ ሬምሰን ዕድሜ ልኩን ተቀየመው።

በ1937 ኢሊኖይ ላይ የትኩሳት መድኃኒት ይሞክር የነበረው ማይክል ስቬዳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ሲጋራ መልሶ አፉ ቢያደርገው ጣፈጠው፤ ሳይክላሜት ነው። በ1965 ደግሞ ጄምስ ሽላተር የጨጓራ ቁስለት መድኃኒት ሲሠራ ወረቀት ለማንሳት ጣቱን ላሰ፤ ከስኳር 200 ጊዜ ያህል የሚጣፍጠው አስፓርቴም ሆነ። አንዲት የኛ እናት ማስታጠቢያ ይዛ በላያቸው ብትቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ጣፋጭ በውሃ ታጥቦ በቀረ ነበር።

ሃይማን ኪርሽ በ1952 ብሩክሊን ውስጥ «ኖ-ካል» የተባለውን ስኳር አልባ ለስላሳ ያወጣው ለስኳር ሕመምተኞች ብሎ ነው። መቅጠን የፈለጉት ተሻሙበት፤ በ1982 ዳይት ኮክ መጣ።

ወደኛ እንምጣ። ሰበታ የኮካ ፋብሪካ አላት። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ሸማቾች ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፎ የሚያውቅ ሕዝብ ዛሬ ስኳር የሌለበትን ለእንግዳ ክብር ያቀርባል። ስኳር ያለበት አጎቴ ድግስ ሲጠራ «ዜሮ ካልሆነ አልቀምስም» ይላል። ልጅ ይላካል፣ ዜሮው ተፈልጎ ይመጣል። ጋሼም በሁለት ቁራጭ ኬክ ያወራርደዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትውሰዱ ሲል መክሯል፤ ምክሩ ቀድሞውኑ ስኳር ያለባቸውን አይጨምርም። በዚያው ዓመት የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ከሚባሉት መደበው፤ የቀን ልኩ ግን በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም እንደነበረ ጸና። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከልኩ ለማለፍ በቀን ከ9 ጣሳ በላይ እንዲህ ያለ ለስላሳ መጠጣት አለበት።

አጎቴ ዘጠኝ ጣሳ አይጠጣም። እናንተ ደጋሾች ግን ዜሮውን ስታቀርቡለት እባካችሁ ኬኩን አንሱልን።