ቤተ መዘክርና ቤታችን

እንግዳ ሰው የአገራችንን ቅርስ ለመጐብኘት ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ በአጠገቡ የምንኖረው ግን «ነገ እናየዋለን» እያልን ዘመናችንን እንፈጃለን። እኛም ይህን ስንፍና ድል ነሥተን አንድ እሑድ ልጃችንን አስከትለን ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ ቤተ መዘክር ወጣን።

በመጀመሪያ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ጐበኘን። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው ይህች ጥንታዊት ፍጥረት ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ አቀናን። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹ የሰውን ሕይወት ከልጅነት እስከ ሞት ተከትለው ተደርድረዋል። ልጃችን ከአንድ አንቀልባ ፊት ቆሞ፦

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለን።

«እናት ልጇን የምታዝልበት ቆዳ ነው» ብለን መለስን፤ ከዚህ በላይ ግን አንደበታችን ተያዘ። እናታችን እኛን ያዘለችበትን አንቀልባ፣ ወደ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤት ስንዛወር፣ አሮጌ ነው ብለን ጥለነዋልና። ማን እንደ ሰፋው፣ ዛጐሉም ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቃት ዐረፈች።

ድንቅነሽ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እንኳ የተገኘችበት ቀንና ስፍራ ተጽፎላታል፤ የእናታችን ዕቃ ግን በአንድ ትውልድ ታሪኩ ጠፋ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አሮጌውን ዕቃ ከመጣልህ በፊት ታላላቆችህን ጠይቅ።

እኛም በዚያው ማታ ወደ አክስታችን ቤት ሄድን። እርሷ የሞሰቧን ታሪክ ስትነግረን ልጃችን በደብተሩ ጻፈው።