«ስንት ሰው አየው?»

የኮሪያ ድራማ ወዳጅ መሆኔን ለጓደኞቼ የነገርኋቸው ዘግይቼ ነው። ከዚያ የባሰ የምደብቀውም ነበረኝ፤ አንድ ተከታታይ ከመጀመሬ በፊት የተመልካች ፐርሰንቱን እፈልግ ነበር፣ ካነሰ አልነካውም ነበር። ክርክር ሲነሳ ደግሞ ቁጥር ጠርቼ አፍ አስይዝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 በኬቢኤስ የተላለፈው «ፈርስት ላቭ» 65.8 ከመቶ ደርሶ የኮሪያ ድራማዎችን ክብረ ወሰን ይዟል። በ2020 በቲቪኤን የታየው «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» በመጨረሻ ክፍሉ 21.7 ላይ ቆመ። ለእኔ ያለቀለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ሌላውን በሦስት እጥፍ ዘርሮታል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የቴሌቪዥን ባለሙያ አይደለም። በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሙከራ ማሳ ላይ በቀን ሥራ የኖረ አጎቴ ነው። ስፎክር ሰማኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ዝናብ የጠገበውን ማሳ ዝናብ ከቀረበት ጋር አስተያይተህ ዘሩ መጥፎ ነው ትላለህ እንዴ?» አለኝ። እሱ በሚያውቀው ማሳ አዲሱ የማሽላ ዝርያ ከነባሩ ጎን ለጎን፣ በአንድ ክረምት፣ በየቁራጩ መሬት ተደጋግሞ ይዘራል። ያለዚያ ኩንታል መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ አገላብጥ ጀመር። ኒልሰን ኮሪያ የሚባለው ድርጅት አገሩን ይወክላሉ ብሎ በመረጣቸው ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ መሣሪያ ይገጥማል። የቤቱ ሰው ሁሉ የየራሱ ቁልፍ አለው፤ ማየት ሲጀምር ይጫናል፣ ሲነሳም እንዲሁ። ከ100 ቤት 20ው ያንን ድራማ ከከፈተ 20 ከመቶ ተባለ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የተኛውም ከመቶው ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን የከፈቱት 40 ቤቶች ብቻ ከሆኑ ግን ያው ድራማ ከከፈቱት ግማሹን ወስዷል፤ ይኼኛው የድርሻ ቁጥር ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ የሚጽፍ ስንቱ ነው!

በዚያ ላይ ለመላ አገሪቱና ለሴኡል አካባቢ የሚወጣው ቁጥር የተለያየ ነው። ቲቪኤንን የመሰሉ የኬብል ጣቢያዎች የሚለኩትም ለቴሌቪዥን ከሚከፍሉ ቤቶች መካከል ነው። በ1997 የኮሪያ ቤተሰብ ማታ ማታ የሚያማርጠው ጥቂት ጣቢያ ነበር፤ በ2020 ግን ስልኩም ኢንተርኔቱም ተሻምቶታል። ዝናቡ ሌላ፣ መሬቱ ሌላ። «ስኩዊድ ጌም» ደግሞ ከነጭራሹ ከዚህ ሚዛን ውጭ ነው። የወጣው በኔትፍሊክስ ስለሆነ የተነገረለት በሰዓት ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት 1.65 ቢሊዮን ሰዓት። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2023 ስሌቱን ቀየረና ሰዓቱን በፊልሙ ርዝመት እያካፈለ ማውጣት ጀመረ።

ወደ እኛ ሰፈር ስመጣ ነገሩ ይብሳል። ሲሪንቃ ውስጥ የኮሪያ ድራማ የሚገባው ከመርሳ ወይም ከወልድያ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ነው። ትርጉም ፊልም ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ንጉሡንም፣ እናትየዋንም፣ የምታለቅሰዋንም ልጅ በአማርኛ ይተርካል፣ ሲመቸው የራሱን ቀልድ ጣል ያደርጋል። አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ ከጎረቤት ያልመጣ የለም፤ ልጆቹ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ መደቡ ላይ። አንዷ ዘግይታ ከገባች ያመለጣትን እስክትሰማ ፊልሙ ይቆማል። ፍላሹ በማግስቱ ሌላ ቤት ነው። ይህንን የሚቆጥር መሣሪያ የለም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ ድምፅ የተተኩ የውጭ ተከታታዮችን ይዞ ሲመጣ «አገሩን ሁሉ ወሰደው» ተባለ። የአገር ውስጥ የፊልም ሰዎች ሥራችንን አጠፋብን ብለው እስከ መቃወም ደርሰዋል። እኔም በጊዜው ወሬውን አብሬ አራግቤያለሁ። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን፣ የትኛው ከተማ ውስጥ፣ እንዴት አድርጎ እንደጠየቀ ነው። «ትናንት ማታ ምን አየህ?» ብሎ በስልክ መጠየቅና ቤት ውስጥ መሣሪያ መግጠም አንድ አይደሉም፤ ሰው የረሳውን አይናገርም፣ የሚያፍርበትንም እንደ እኔ ይደብቃል።

«ፈርስት ላቭ» ይበልጣል ወይስ «ስኩዊድ ጌም»? እያላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ አይወዳደሩም።