ደዌ ሥጋና ሥጋ ደዌ

ሁለት ቃላት ቦታቸውን ሲለዋወጡ ትርጓሜያቸው ምን ያህል እንደሚራራቅ ለማየት የሚወድ ሰው «ደዌ ሥጋ»ንና «ሥጋ ደዌ»ን ጎን ለጎን ያቁማቸው። የመጀመሪያው ግዕዝ ነው፤ በግዕዝ ሕግ ባለቤቱ ወደ ኋላ ይቀመጣልና የሥጋ ሕመም ማለት ነው። በጸሎት ውስጥ ከ«ደዌ ነፍስ» ጋራ ተጣምሮ ሲነገር ንዳዱም፣ ቍርጥማቱም፣ የሆድ ሕመሙም፣ ሥጋን የሚያውክ ሁሉ ይገባበታል። ሁለተኛው ግን ያማርኛን ሥርዓት ተከትሎ ባለቤቱን ያስቀደመ ነው፤ በፊደሉ ሲታይ ያንኑ የሚል ይመስላል፤ ባገር አንደበት ግን አንድ የታወቀ በሽታ ብቻ ይጠራበታል። ይኸውም ሰውነትን የሚያደነዝዘው፣ በቀድሞ ዘመን በግልጥ ቁምጥና ይባል የነበረው ነው። ያ ስም ስድብ ሆኖ ስለ ቀረ ጨዋ ሰው ሥጋ ደዌ ማለትን መረጠ። እንግዲህ ካህኑ ስለ ደዌ ሥጋ ሲጸልይ በቅጥሩ ሥር የተቀመጠው ሕመምተኛ ለእርሱ ብቻ የተነገረ መስሎት ቢሸማቀቅ፣ ጥፋቱ የሰዋስው ነው እንጂ የማንም ሰው ክፋት አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከፋው የ«ለምጽ» ነገር ነው። ዛሬ ባማርኛ ለምጽ የሚባለው የቆዳው ቀለም በየቦታው እየጠፋ ነጭ ምልክት ሲወጣበት ነው። ሐኪሞች ቪቲሊጎ ይሉታል፤ ቀለምን የሚሠሩት ሕዋሳት ስለሚጠፉ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አያደነዝዝም፣ ጣት አያሳጣም። ዳሩ ግን የኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛው ምዕራፍ በሚነበብበት ጊዜ የሰሚው ጆሮ የሚያገኘው ይህንኑ ቃል ነው፤ ልብሱ የተቀደደ ይሁን፣ ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ የተባለው ለምጻም ነው። ስለዚህ በፊትዋ ላይ ጥቂት ነጭ ምልክት የወጣባት ልጅ ሕጉ በእርስዋ ላይ የተጻፈ ይመስላታል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው ያስባል፤ የሚያጫት ይጠፋል።

ቃሉ ወደዚህ የደረሰው በረዥም መንገድ ነው። በዕብራይስጡ የተጻፈው «ጻራዓት» ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪትን ወደ ጽርእ የመለሱት ሊቃውንት «ሌፕራ» አሉት፤ ሌፕራ ደግሞ በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ቅርፊት እያወጣ የሚላጥ የቆዳ በሽታ ነው እንጂ ጣትን የሚያሳጣው ደዌ አይደለም። የግዕዙ ብሉይ ከጽርእ የተመለሰ ስለ ሆነ ሌፕራ «ለምጽ» ሆነ። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም ለቆዳ በሽታ የቆዳ በሽታ ስም ሰጥተዋል። ነገሩ የተበላሸው ከእነርሱ በኋላ የመጣው አንባቢ ለምጽንና ቁምጥናን አንድ ባደረገ ጊዜ ነው።

መጽሐፉን አስተውሎ ላነበበ ሰው ልዩነቱ አልተሰወረም። ጻራዓት በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ይወጣል ተብሎአል፤ ቍምጥና የያዘው ግድግዳ ማንም አላየም። ደግሞም በዚያው በ13ኛው ምዕራፍ ምልክቱ ሰውነቱን ሁሉ ሸፍኖ ነጭ ካደረገው ያ ሰው ንጹሕ ነው ይላል። ካህኑ የሚመረምረው በዐይኑ ነው፤ ቀለሙን ያያል፣ ጠጕሩ ነጭ መሆኑን ያያል፣ ምልክቱ ከቆዳው የጠለቀ መሆኑን ያያል፤ ከተጠራጠረም 7 ቀን ይዘጋበታል። ሕመምተኛውን «ይህ ቦታ ሲነካ ይሰማሃልን?» ብሎ እንዲጠይቅ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልታዘዘም። የሥጋ ደዌ ዋናው ምልክት መደንዘዙ ነው፤ ያ ምልክት በምዕራፉ ውስጥ ከሌለ ምዕራፉ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው ማለት አያስደፍርምን? ንዕማን ሶርያዊው ለምጻም ሳለ የሠራዊት አለቃ ነበረ፤ ንጉሡም በእጁ ይደገፍ ነበር። ግያዝም እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ወጣ ተባለ፤ ቁስልና የጣት መጕደል ግን አልተነገረለትም።

እውነተኛውን ሥጋ ደዌ ጽርኣውያን በሌላ ስም ያውቁት ነበር፤ ቆዳው እንደ ዝሆን ቆዳ ስለሚወፍር «ኤሌፋንቲያሲስ» ብለውታል፤ የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬጤዎስም በዚህ ስም አጥርቶ ጽፎታል። ዐረቦች ግን ይህንኑ «ጁዛም» አሉት፤ ለእግር እብጠት «ዳእ አል ፊል»፣ የዝሆን በሽታ፣ የሚል ስም ሰጡ፤ ነጩንም ምልክት «በረስ» ብለው ለዩት። በ11ኛው መቶ ዓመት ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የዐረብን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመልስ፣ በእርሱና በመሰሎቹ እጅ ጁዛም «ሌፕራ» ተባለ፤ ኤሌፋንቲያሲስም ለእግር እብጠት ሆነ። በዚህ መንገድ የቀላሉ በሽታ ስም ለከባዱ ተሰጠ፤ የኦሪትም ሕግ ከስሙ ጋራ አብሮ ሄደ፤ በአውሮፓ ሕመምተኛው ከከተማ ውጭ በተሠራ ቤት እንዲኖር ተደረገ። ያማርኛው «ዝሆኔ» ከዐረቡ ጋራ ይስማማል፤ የእግር እብጠት ነው። ይህም በኢትዮጵያ ደጋ ብዙውን ጊዜ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው፤ ጫማ የሚከለክለው ስለ ሆነ ከሥጋ ደዌ ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ተውሳክ አገኘ። በዚያው አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ መድኀኒቶችን አጣምሮ መስጠትን ወሰነ፤ ሕክምናው እንደ በሽታው ዐይነት 6 ወይም 12 ወር ነው፤ በነጻም ይሰጣል። በአዲስ አበባ አለርት የተባለው ሆስፒታል በ1965 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመው ለዚሁ ደዌ ነው። ጣት የሚጐድለውም በሽታው ራሱ እየቈረጠ ስለሚጥለው አይደለም፤ እጁ ስለ ደነዘዘ እሳትና ስለት ሲነካው አይሰማውም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይመረቅዛል፤ ጣቱም እያጠረ ይሄዳል።

ታዲያ የቃሉ መቀላቀል በሁለት ወገን ይጐዳል። ለምጽ ያለበት በከንቱ ይሸሻል፤ ይህ ይታወቃል። ሁለተኛው ጕዳት ግን የባሰ ነው፤ ብዙም አይነገርለትም። ሥጋ ደዌ የጀመረው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው አንድ የፈዘዘ ወይም የቀላ ምልክት ብቻ ነው፤ አያሳክክም፣ አያምም። ቤተ ሰቡ «ለምጽ ነው፤ ምን ይደረጋል» ይለዋል፤ እርሱም ይቀመጣል፤ በክርኑ ሥር ያለው ጅማት ወፍሮ ትንሽዋ ጣት እስክትታጠፍ ድረስ ወደ ሐኪም አይሄድም። ሁለቱን ለመለየት ሐኪሙ የሚጀምረው በጥቂት ጥጥ ነው፤ የሕመምተኛውን ዐይን አስጨፍኖ ምልክቱን በጥጥ ይዳስሰዋል፤ ለምጽ ያለበት ወዲያው የተነካበትን ያመለክታል። ሥጋ ደዌ የያዘው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል።

ሌዋውያንን ለሕዝብ የሚያነብ ሰው ንባቡን መለወጥ አያስፈልገውም። ትርጓሜውን ሲጀምር ይህ ለምጽ የጥንት የቆዳ በሽታዎች ሁሉ ስም እንደ ሆነ፣ ዛሬ በልጅቱ ፊት ላይ የሚታየውም፣ በአለርት የሚታከመውም እንዳልሆነ ቢናገር ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይወስድበትም።