ስም ያለው ቢላ

ፈረንጅ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት ይሸልማል ሲባል እሰማ ነበር። የኔዎቹ የሸለሙኝ ግን በእጅ የተሠራ የአደን ቢላ ነው። ከበዓል በግ በቀር የገደልኩት አውሬ የለም፤ ቢሆንም ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላገኘሁም።

የሠራው ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ የጥገና ክፍል 22 ዓመት አብሮኝ የሠራ አሜሪካዊ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጋራዡ ውስጥ ብረት ይቀጠቅጣል። ብረቱን ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ያን ጊዜ ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና 200 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ አቆይቶ ያለዝበዋል። እጀታው የአጋዘን ቀንድ፣ አፎቱ ወፍራም ቆዳ ነው። ከስለቱ ግርጌ የሠሪው ስም ታትሟል። በዚህ አገር ስመ ጥር ቢላ ሠሪ የሥራው ዋጋ የሚወደደው በስሙ ነው።

በእናቴ በኩል አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፍ እየነፉ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳርና ቢላ ያወጡ ነበር። ርስት ስላልነበራቸው የሚከፈላቸው በእህል ነው። አገሬው ያለ እሳቸው አያርስም፣ ያለ እሳቸው አያጭድም። ጠዋት ማረሻውን አስስሎ የሄደው ጎረቤት ግን ማታ ልጁ ሲያመው «ቡዳ በላብኝ» እያለ ወደ እኛ ደጅ ይጠቁማል። አያቴ ስማቸውን በብረቱ ላይ ቢያትሙ ኖሮ ማን ይገዛቸው ነበር?

ዓፄ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ ፋቂውንም በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ግን ያለ ቪዛ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ገብቷል። ባለፈው ዓመት ልጄን ሊጠይቁ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አጥንታችንን ጠየቁኝ። «አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ» አልኳቸው። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ስኒውን አስቀመጡ። ደግነቱ ሙሽራው አጥንት መቁጠር አያውቅምና ጋብቻው ጸና።

አገራችን በኢንዱስትሪ ለምን ወደ ኋላ ቀረች እያልን በየስብሰባው እንጨቃጨቃለን። አንዱ በንጉሡ፣ አንዱ በደርግ፣ አንዱ በኢሕአዴግ ያሳብባል። ሁሉም ድርሻቸው ይኖራቸው ይሆናል። አያቴን ቡዳ ያላቸው ግን መንግሥት አልነበረም፤ ጎረቤት ነው። ልጅ የአባቱን መዶሻ ለማንሳት እያፈረ ካደገ ሙያው ከአባትየው ጋር ይቀበራል። የኛም ቤት መዶሻ የቀረው እንዲሁ ነው፤ አጎቶቼ አንዳቸውም አላነሱትም።

ሽምግልና የምትላኩ ወገኖቼ፣ የአጥንቱን ነገር ተዉትና ልጁ ምን መሥራት እንደሚችል ጠይቁ። «ባለእጅ ነው» ካሏችሁ እሰየው ብላችሁ ቡናችሁን ጠጡ።