ሳታስነብቡ አትፈርሙ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አንዲት እናት ወረቀት ይዘው መጡ። የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ሰዎች፣ እንዲህ ያሉ እናቶችን ታውቃላችሁ። የከተማው ምክር ቤት በ2002 ሠፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከመሰየሙ በፊት እዚያው ኖረዋል። አሁን ሕንፃቸው ተሸጧል፤ አዲሱ ባለቤትም እንግሊዝኛ የሞላበት ወረቀት ልኮላቸዋል።

«ልጄ፣ ገንዘብ ሊሰጡኝ ነው መሰለኝ። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

እስክሪብቶም ይዘው መጥተዋል! እማማ፣ የትም ጋ አይፈርሙም።

ነገሩ «ካሽ ፎር ኪስ» የሚሉት ነው፤ ቁልፉን መልሱ፣ ገንዘቡን ውሰዱ። ሕንፃው አሮጌ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 1978 ድረስ ተሠርተው የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ አፓርትመንቶች በአብዛኛው በሬንት ኮንትሮል ሥር ናቸው። እሳቸው እዚያ እስካሉ ድረስ ባለቤቱ ኪራዩን እንደፈለገ መስቀል አይችልም። በፈቃዳቸው ከወጡ ግን በ1995 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ለቀጣዩ ተከራይ ዋጋውን እንዳሻው እንዲተምን ይፈቅድለታል። የገንዘቡ ምንጭ ይኸው ነው።

ሕንፃ ስለተሸጠ ብቻ ማንም ተከራይ አይባረርም። የከተማው ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ስምምነት ተከራዩ በሚናገረው ዋና ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል። በአማርኛ ማለት ነው! እምቢ ማለት ይቻላል። የፈረመ ሰው እንኳ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት መሰረዝ ይችላል። ቅጂውም ለከተማው የቤቶች መምሪያ መግባት አለበት። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ማኔጀሩ እስከ ዓርብ ፈርሚ አለኝ እኮ» አሉ።

ይሄ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ተከራይተን ስንኖር የአከራያችን የእሜቴ ቃል ሕግ ነበር። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም፣ እንግዳ አያድርም፣ ውኃ በተራ ነው። ኳሳችን የእሜቴን ጎመን መደብ የመታች ቀን ወንድሜ «በቃ፣ ልቀቁ ሊሉን ነው» ብሎ ከኳሷ ጋር አልጋ ሥር ገባ። እናቴ እየሳቀች ብታወጣውም ማታውን ጎመን ገዝታ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ጎመን ላለው ሰው ጎመን! ያኔ ስቀናል። ዛሬ ሳስበው ግን ያናድደኛል። ወር በወር የምትከፍል ሴት በልጆቿ ኳስ የተነሳ ልትለምን መሄድ ነበረባት?

በ2016 ዓ.ም. አገር ቤት የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጽና፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ለእናቴ ዘግይቷል። ደግሞም አከራዩን የሚፈራ ተከራይ አዋጅ ቢወጣለትም ወረዳ ሄዶ ለመክሰስ እግሩ አይደፍርም።

እዚህም ያው ነው። እርግጥ የቤቶች መምሪያው አፓርትመንቶችን በየጥቂት ዓመቱ እየዞረ ይፈትሻል። ምክር ቤቱም በ2025 መጨረሻ የሬንት ኮንትሮል ዓመታዊ ጭማሪን ከ3–8 በመቶ ወደ 1–4 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ ከ40 ዓመት ወዲህ ትልቁ ለውጥ ነው። ለባለቤት ሠርቶ መኖሪያ፣ ለተከራይ መተንፈሻ የሚተው ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ማኔጀሩ በር ሲያንኳኳ የምክር ቤት አባል አጠገባችሁ አይቆምም። ተከራዩ ካላመለከተ አብዛኛው መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፦ የእናቶቻችንን ፖስታ ክፈቱላቸው። አድራሻቸውን በከተማው «ዚማስ» ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሬንት ኮንትሮል መሆኑን እዩ። «ስቴይ ሃውስድ ኤል ኤይ» ነፃ የሕግ ምክር ያገናኛችኋል፤ ደውሉ። ባለቤቱ ያለ ተከራዩ ጥፋት በሕግ የሚያስወጣ ከሆነ የመዛወሪያ ገንዘብ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ዕድሜያቸው 62 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ደግሞ ከፍ ያለውን። ቀድሞ የቀረበላችሁ ገንዘብ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛ የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ አንድ እናት ጋ ደውሉና «የመጣ ወረቀት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።